የኬቤክ ቅጥርና የአየርላንድ ስደተኞች

(በአጎትና በእኅቱ ልጅ መካከል የተደረገ ምልልስ። አጎትየው በጡረታ ላይ ያሉ የታሪክ መምህር ናቸው፤ የእኅታቸው ልጅ ደግሞ በካናዳ በኬቤክ ከተማ በነርስነት ሙያ ትሠራለች። በምልልሱ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእኅት ልጅ፦ ጋሼ፣ ብዙ ጊዜ በልቤ ሲመላለስ የቆየ ጥያቄ አለኝና ዛሬ ይፍቱልኝ። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ በየአልጋው ራስጌ የተለጠፈውን ስም ሳነብ ኦኒል፣ መርፊ፣ ራያን የሚል አገኛለሁ፤ ባለ ስሙን ግን በእንግሊዝኛ ባነጋግረው አይሰማኝም፤ የሚጸልየውም የሚያጫውተኝም በፈረንሳይኛ ነው። ስሟ ፍጹም ፈረንሳዊ የሆነ ሌላይቱ አሮጊት ደግሞ ቅድመ አያቷ ከአየርላንድ በመርከብ የመጣች መሆኗን ትነግረኛለች። በከተማይቱ መንገድ ብሄድ ግን አየርላንዳዊ ነኝ የሚል ሰው እምብዛም አላገኝም። ይህ ሕዝብ ጠፍቷል ልበል ወይስ አልጠፋም?

አጎት፦ ጥያቄሽ እኔም በወጣትነቴ የተጠየቅሁት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት የበላይ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ሉሲያን ማትና አብረዋቸው ካስተማሩን የኢየሱሳውያን ማኅበር አባቶች ብዙዎቹ የኬቤክ ምድር ልጆች ነበሩና፣ ከትምህርቱ ሰዓት ውጭ ስለ አገራቸው ሲያወጉን በቅዱስ ሎረንስ ወንዝ መካከል ስላለች፣ ግሮስ ኢል ስለምትባል ደሴት አንሥተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ የተጻፈውን ባገኘሁ ቁጥር አንብቤአለሁ። መልሴን ግን ከፍጻሜው አልጀምርልሽም፤ ሰዎቹ በዚያች ከተማ እንዴት እንደ ገቡ ሳይታወቅ፣ እንዴት እንደ ወጡ ወይም እንደ ተዋሐዱ ሊታወቅ አይችልምና።

የእኅት ልጅ፦ የገቡትማ በረኃቡ ዘመን አይደለምን? ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው።

አጎት፦ ሁሉም እንዲህ ይበል እንጂ፣ ረኃቡ ሳይመጣ ቀደም ብለው የገቡት ብዙዎች ናቸው። እንግሊዝ ከናፖሌዎን ጋር በተዋጋችበት ዘመን ከባልቲክ ባሕር አገሮች የምታስመጣው እንጨት ስለ ተቋረጠባት ፊቷን ወደ ካናዳ ደን መለሰች፤ በጠርብ የተስተካከለው ታላላቁ ግንድ በየወንዙ እየተንሳፈፈ ወደ ኬቤክ ወደብ ይወርድና በመርከብ ተጭኖ ወደ ሊቨርፑል ይሻገር ነበር። እንጨቱን አራግፋ የምትመለሰው መርከብ ግን ባዶዋን ከምትመለስ ሰው ብትጭን ትርፍ ነውና፣ የመርከቦቹ ባለቤቶች በሆዷ ውስጥ የሳንቃ መደብ እየመቱ ድኾችን በአነስተኛ ዋጋ ያሳፍሩ ጀመር። ወደ ኒው ዮርክ ከመሄድ ይልቅ ወደ ኬቤክ መሄድ ይረክስ ስለ ነበር፣ ገንዘብ ያነሰው አየርላንዳዊ ሁሉ መንገዱ በዚሁ ሆነ። ከመጡትም የሚበዙት ወደ ላይኛው ካናዳና ወደ አሜሪካ ሲያልፉ፣ ከፊሉ የመጣባትን መርከብ ጫኝና አውራጅ ሆኖ እዚያው በወደቡ ቀረ። ስለዚህ በ1833 በከተማይቱ ቅጥር ውስጥ የቅዱስ ፓትሪክ ቤተ ክርስቲያን ተሠርታ ቅዳሴ ሲገባባት፣ ረኃቡን ያመጣው የድንቹ ዋግ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር።

የእኅት ልጅ፦ ያ ቤተ ክርስቲያን የነበረበትን መንገድ አውቀዋለሁ፤ እስከ ዛሬ የማክማን መንገድ ይባላል።

አጎት፦ ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሩት ቄስ ፓትሪክ ማክማን ስለ ነበሩ ነው መንገዱ በስማቸው የተጠራው። አሁን አንድ ነገር አስተውዪ። ኬቤክ እንደ ሐረር ጁገል በግንብ የተከበበች ከተማ ናት፤ የቅጥሩ ዙሪያ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ላይኛው ከተማ በቅጥሩ ውስጥ ነው፤ ወደቡና ታችኛው ከተማ ግን ከገደሉ ሥር ከቅጥሩ ውጭ ናቸው። አየርላንዳዊው ወዛደር የሚኖረው በታችኛው በሻምፕሌን መንገድ፣ በገደሉና በወንዙ መካከል በተጣበቡት ቤቶች ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑን ግን በላይኛው ከተማ፣ ከሹማምንቱና ከወታደሩ ሰፈር አጠገብ ሠራ። በሰንበት ጧት ያንን ሁሉ ደረጃ ሚስትና ልጆቹን አስከትሎ ሲወጣ፣ በሳምንቱ ቀናት በጉልበቱ ብቻ የሚፈለግባትን ከተማ በዚያች ዕለት በክርስትናው ይገባባት ነበር ማለት ነው።

የእኅት ልጅ፦ ፈረንሳውያኑም እኮ ካቶሊካውያን ነበሩ። የሃይማኖት ወንድሞቹ ቤተ ክርስቲያን እያለለት ለምን ሌላ አስፈለገው?

አጎት፦ ሃይማኖቱ አንድ ቢሆንም ስብከቱና ኑዛዜው በማያውቀው ቋንቋ ነበራ! ሰው ኃጢአቱን የሚናዘዘው በሚሰማው ልሳን ነው። ከእንግሊዞቹ ጋር ቋንቋ ቢያገናኘው ሃይማኖት ይለየዋል፤ ከፈረንሳውያኑ ጋር ሃይማኖት ቢያገናኘው ቋንቋ ይለየዋል። የኬቤክ አየርላንዳዊ ታሪክ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተደረገ ጉዞ ነው፤ በኋላ ስለ ልጅ ልጆቻቸው የምታነሺው ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ላይ ስለ ሆነ አትርሺው።

የእኅት ልጅ፦ እንግዲህ ስለ ደሴቲቱ ይንገሩኝ። በበጋ በጀልባ ሄጄ አይቻታለሁ፤ ብዙ ለመጠየቅ ግን በጊዜው ልብ አላገኘሁም።

አጎት፦ ግሮስ ኢል ከከተማይቱ በታች አርባ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ናት። በ1832 ኮሌራ ከአውሮፓ ይሻገራል ተብሎ ስለ ተፈራ መርከቦች ሁሉ በዚያ ቆመው እንዲመረመሩ ተደረገ፤ ኮሌራው ግን አልፎ ከከተማይቱ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጀ። የ1847ቱ ግን ከዚያም የከፋ ነው። በአየርላንድ ከ1845 ጀምሮ ዋግ ድንቹን በማሳው ላይ አበስብሶት፣ ከድንች በቀር ሌላ ምግብ ያልነበረው ጭሰኛ በረኃብና በቸነፈር አለቀ፤ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ከነበረው ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ያህሉ ሞተ፣ ከሚሊዮን የበለጠውም ተሰደደ። አሜሪካም በ1847 የመርከብ መንገደኞችን ሕግ ስላጠበቀች፣ እጅግ ድኻ የሆነው ወደ ኬቤክ ጎረፈ፤ ወደ ቅዱስ ሎረንስ ወንዝ የተጓዘው ሰው ቁጥር ወደ መቶ ሺህ ይጠጋል። የመጀመሪያይቱ መርከብ ሲሪያ በግንቦት አጋማሽ ደረሰች፤ በደሴቲቱ ቀድማ የሞተችውም ኤለን ኪን የምትባል የአራት ዓመት ሕፃን ናት። በግንቦት ማለቂያ አርባ መርከቦች በወንዙ ላይ ተሰልፈው ተራ ይጠብቁ ነበር።

የእኅት ልጅ፦ በሽታው ተስቦ እንደ ነበረ ከደሴቲቱ አስጎብኚዎች ሰምቻለሁ። በሙያዬ ሳስበው የሚያንገበግበኝ ግን ያ አጠባበቅ ነው። ተስቦን የሚያዛምተው ቅማል ነው፤ ጤነኛውንም ታማሚውንም በአንድ መርከብ ሆድ ውስጥ፣ ልብስ ሳይቀየር፣ ገላ ሳይታጠብ ለሳምንት ማቆየት ሰውን ከበሽታ መጠበቅ ሳይሆን በሽታውን ለሁሉም ማደል ነው። አልጋ ባነሰ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሕሙማን በአንድ መደብ አስተኙ፤ ጤነኛ ተብሎ የተለቀቀውም በሞንትሪያል ወድቆ ሞተ።

አጎት፦ ቅማል መሆኑ የታወቀው እኮ ሻርል ኒኮል የተባለው ሐኪም በቱኒስ ሆኖ በ1909 ባረጋገጠው ጊዜ ነው፤ በደሴቲቱ ላይ የነበሩት ዶክተር ጆርጅ ዳግላስ አልጋ እንዲጨመርላቸው ገና ከጧቱ ቢለምኑም የተሰጣቸው ጥቂት ነበር። እኔ የምወቅሰው ሐኪሙን ሳይሆን በመርከብ ያሳፈራቸውን ነው። ከሮስኮመን አውራጃ የስትሮክስታውን ባላባት የነበረው ሜጀር ዴኒስ ማሆን ጭሰኞቹን በርስቱ ላይ ሆነው ከሚቀልባቸው የመርከብ ዋጋ ከፍሎ ቢሰድዳቸው እንደሚረክስለት ተነግሮት፣ አንድ ሺህ የሚያህሉትን ወደ ኬቤክ ሰደደ። ከእነዚሁ ሰዎች ብዙዎቹን የያዘችው ቨርጂኒየስ የምትባለው መርከብ ከሊቨርፑል 476 ነፍስ ጭና ተነሥታ፣ ግሮስ ኢል ስትደርስ 158ቱ በባሕር ላይ ሞተው ነበር። ማሆንም በዚያው በ1847 በኅዳር ወር በጥይት ተገደለ።

የእኅት ልጅ፦ በደሴቲቱ ያለው መቃብር ስፋቱ ያስደነግጣል። ሣሩ የለበሰው መሬት እንደ እርሻ ትልም ወጣ ገባ ይላል፤ ሬሳው በረድፍ ተደርድሮ ስለ ተቀበረ ነው አሉኝ።

አጎት፦ በዚያ ዓመት ብቻ ከአምስት ሺህ የሚበልጥ ሰው ነው የተቀበረባት። ደግሞም ሟቹን ሲያናዝዙ የሞቱትን ካህናት፣ ሲያስታምሙ የሞቱትን ሐኪሞች፣ አስታማሚዎችና መቃብር ቆፋሪዎች አትርሺ። ከአየርላንድ ወገን የነበሩት ቄስ በርናርድ ማክጎራን በደሴቲቱ የመጀመሪያው ካህን ሆነው ተልከው በተስቦ ወደቁ፤ ከፈረንሳውያኑም ወገን ኤልዜያር አሌክሳንደር ታሸሮ የተባሉት ወጣት ካህን እንዲሁ ለሞት ደርሰው ዳኑ። እኚህ ታሸሮ በ1886 ከካናዳ የመጀመሪያው ካርዲናል ሆኑ። ካርዲናል ሆኖ መሾም ክብር ነው፤ በሳንቃ መደብ ላይ ተንበርክኮ ቋንቋውን በውል የማያውቁትን ድኻ ማናዘዝ ግን ከዚያ የሚበልጥ ክህነት ይመስለኛል።

የእኅት ልጅ፦ ልጆቹስ? ወላጆቻቸው የሞቱባቸው?

አጎት፦ ዕጓለ ማውታዎቹ ወደ ከተማይቱ ተወስደው በደግ ሴቶች ማኅበር ተጠለሉ፤ ከስድስት መቶ በላይ ነበሩ። ቄስ ሻርል ፌሊክስ ካዞ በየገጠሩ ላሉ ቆሞሳት ደብዳቤ እየጻፉ ልጆቹን የሚያሳድግ ቤተ ሰብ ያፈላልጉ ነበር፤ አንዳንዱ ቆሞስ ራሱ ጋሪ አስጭኖ ወደ ከተማ እየመጣ ለምእመናኑ ልጆች ይዞ ይመለስ ነበር። ከልጆቹ ብዙዎቹ የአባታቸውን ስም እንደ ያዙ አደጉ። በመጦሪያው ፈረንሳይኛ ብቻ የሚናገረው ባለ ኦኒል ስም ሽማግሌ ከእንዲህ ያለው ወይም ከጋብቻ የመጣ ሊሆን ይችላል።

የእኅት ልጅ፦ ነገሩ ሲነገር ደስ ይላል፤ ነገር ግን ጋሼ፣ የገጠር ሰው የሰው ልጅ የሚወስደው ሁልጊዜ ለጽድቅ ነውን? ከብት የሚጠብቅ፣ ውኃ የሚቀዳ ፈልጎም ሊሆን ይችላል። እኛም አገር በዘመድ ቤት ያደገች ልጅ ምን እንደምታይ እናውቃለን።

አጎት፦ እውነትሽን ነው፤ ጉልበት ፈልጎ የወሰደም ነበረ፣ ከተወሰደበት ቤት የኮበለለም ልጅ ነበረ፤ ወንድምና እኅት በየፊናቸው ተለያይተው የቀሩም አሉ። ታሪኩን እንደ ገድል ብቻ የሚናገር ሰው ለልጆቹ አያዝንላቸውም። ሆኖም ያ ገበሬ ራሱ ስምንትና ዐሥር ልጅ በጠባብ ጎጆ የሚያሳድግ፣ በሽታውንም የሚፈራ ሰው ነበር፤ ተስቦ ከገደላቸው ሰዎች ልጅ ወስዶ ከማዕዱ ማስቀመጡን አሳንሼ ላየው አልችልም። ሁለቱም እውነት ነውና ሁለቱንም ያዢው።

የእኅት ልጅ፦ እሺ፤ እንግዲያስ አየርላንዳውያኑንና ፈረንሳውያኑን ሃይማኖትና ርኅራኄ ካገናኟቸው፣ በሻምፕሌን መንገድ በጥይት የተታኮሱት ለምንድር ነው? አንዲት አሮጊት ከአያቷ የሰማችውን ነግራኛለች።

አጎት፦ በእንጀራ ምክንያት ነው። እንጨት መጫን ክፉ ሥራ ነበር፤ ግንዱ በመርከቢቱ አፍንጫ በተከፈተ መስኮት ወደ ውስጥ እየተሳበ፣ በሆዷ ጨለማ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ሆኖ ይደረድረዋል፤ ገመድ የበጠሰ ግንድ እጅና እግር ይቆርጣል፣ ይገድላልም። ወንዙ በረዶ ሲሆን ደግሞ ወራቱን ሁሉ ሥራ የለም። ስለዚህ ወዛደሮቹ፣ የሚበዙት አየርላንዳውያን ሆነው፣ በ1857 የመርከብ ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1862 ማኅበሩ ሕጋዊ መብት አገኘ። ለታመመው ይረዳል፣ የሞተውን ይቀብራል፤ ከዚያም አልፎ የቀን ደመወዙንና በአንድ መርከብ ላይ የሚሠራውን የሰው ብዛት ለመወሰን እስኪችል ድረስ በረታ። የእንጨቱ ንግድ ሲቀዘቅዝ ግን ሥራው አነሰና ፈረንሳውያኑ ወዛደሮች ድርሻችን ይሰጠን ብለው ሌላ ማኅበር አቆሙ፤ በነሐሴ 1879 ሰልፋቸው በሻምፕሌን መንገድ ሲያልፍ ጠብ ተነሥቶ ሰው ሞተ፣ ብዙም ቆሰለ። በአንድ መቍጠሪያ የሚጸልዩ ሰዎች ነበሩ የተጋደሉት።

የእኅት ልጅ፦ ያሳዝናል።

አጎት፦ ያሳዝናል፤ ዐሥር ዓመት ቆይቶ የሆነውን ግን ስሚ። መስከረም 19 ቀን 1889፣ ለብዙ ቀን ዝናብ ከዘነበ በኋላ፣ ምሽት ላይ ከገደሉ ላይ ታላቅ ዐለት ተገምሶ በዚሁ በሻምፕሌን መንገድ ቤቶች ላይ ወደቀ፤ ከአርባ የሚበልጥ ሰው፣ አብዛኞቹ አየርላንዳውያን፣ ከነቤታቸው ተቀበሩ። ፈረንሳዩም፣ አየርላንዳዊውም፣ ወታደሩም ፍርስራሹን ሲቆፍሩ ሰነበቱ። ከፍርስራሹ በላይ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ የከተማይቱ ጌቶች የሚናፈሱበት የዳፈሪን አደባባይ ነበር።

የእኅት ልጅ፦ ዳፈሪን ሲሉ ትዝ አለኝ፤ ቅጥሩን ከመፍረስ ያዳነው እርሱ ነው፣ እርሱም አየርላንዳዊ ነው ይባላል። እውነት ነው?

አጎት፦ እውነት ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1871 ከከተማይቱ ሲወጣ፣ ነጋዴው ሁሉ ቅጥሩ የጋሪ መንገድ ያጠብብናል፣ ይፍረስ አለ፤ ከበሮቹም አንዳንዶቹ ፈረሱ። ከ1872 ጀምሮ የካናዳ እንደራሴ የነበሩት ሎርድ ዳፈሪን ግን ይህ ጥንታዊ ሥራ ሊፈርስ አይገባም ብለው ተከራክረው፣ ከቤልፋስት ዊልያም ሄንሪ ሊን የተባለውን የሕንፃ ባለሙያ አስመጥተው ሰፋ ያሉ በሮች እንዲነደፉ አደረጉ። ዛሬ የምታልፊባቸው የቅዱስ ሉዊና የኬንት በር የዚያ ዕቅድ ፍሬዎች ናቸው።

የእኅት ልጅ፦ እኔ ግን እንደራሴውን ከወዛደሮቹ ጋር መቍጠር አይዋጥልኝም። እርሱ በሰሜን አየርላንድ ባለ ርስት፣ ፕሮቴስታንት ጌታ ነው፤ እነርሱ ከጌቶች ርስት የተባረሩ ናቸው።

አጎት፦ ፍርድሽ ትክክል ነው፤ አገራቸው አንድ ቢሆንም አንድ ማዕድ አላገናኛቸውም። እኔ ያነሣሁትም ላመሰግነው ሳይሆን፣ ያ ቅጥር ሲድን በውስጡ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ሰዎቿ መመናመን መጀመራቸውን ልነግርሽ ብዬ ነው። በ1860ዎቹ ከከተማይቱ ሕዝብ ከመቶው አርባ የሚያህለው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የብረት መርከብ የእንጨቱን መርከብ አስቀረው፤ የወንዙም መተላለፊያ እየተቆፈረ ጠልቆ ታላላቁ መርከብ ኬቤክን አልፎ እስከ ሞንትሪያል ይወጣ ጀመር፤ ባቡሩም በሌላ ወገን አለፈ። ወዛደሩ ሥራውን ተከትሎ ሄደ፤ እንግሊዝኛ ያውቃልና ወደ ሞንትሪያልም፣ ወደ ኦንታሪዮም፣ ወደ አሜሪካም መግባት አላስቸገረውም። የቀረው ደግሞ ልጁን የሚድርለት የሃይማኖት ወንድሙ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነበርና በሁለትና በሦስት ትውልድ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነ። ቀደም ሲል አትርሺው ያልኩሽ ይህን ነበር፦ የሄደውን ቋንቋው ወሰደው፣ የቀረውን ሃይማኖቱ አስቀረው።

የእኅት ልጅ፦ ታዲያ ይህ መጥፋት አይደለምን? ስም ብቻ ቀርቶ ሌላው ሁሉ ሲሄድ።

አጎት፦ ስም ብቻ ቢቀር ኖሮ አዎን እልሽ ነበር። ፍቅረ አገርና ትዝታ ሕዝብን አያቆዩትም፤ የሚያቆየው ሰው ሲሄድም የማይሄድ ተቋም ነው። በ1909 በግሮስ ኢል ላይ ታላቁን የድንጋይ መስቀል ያቆሙት የኬቤክ አየርላንዳውያን ናቸው፤ የሥራው መሪ የጀረማያ ጋላገር የልጅ ልጅ የሆኑት መነኩሲት ማሪያና ኦጋላገር ደግሞ ስለ ደሴቲቱና ስለ ቅዱስ ፓትሪክ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ጽፈው፣ በ1973 የአየርላንዳውያንን ቅርስ የሚጠብቅ ማኅበር መሠረቱ። በ1998 የሟቾቹ ስም በደሴቲቱ በመስታወት ላይ ተጻፈ። በ2000ም የስትሮክስታውን ሰዎች፣ ማሆን ያባረራቸው ጭሰኞች የአገር ልጆች፣ ለኬቤክ ሕዝብ ውለታ መስቀል ልከው በማክማን መንገድ ቆመ። ተቀባዩ ሕዝብ ባይኖር፣ መጥቶ የሞተውንም የሚያስብ ባይኖር፣ ይህ ምስጋና ለማን ይላክ ነበር?

የእኅት ልጅ፦ ቅዱስ ብሪጂድ ስለሚባለው ቤትስ ምን ያውቃሉ? በሥራዬ ምክንያት ስሙን በየቀኑ እሰማለሁ።

አጎት፦ ለጥያቄሽ ዋናው ምስክር እርሱ ነው። ከተስቦው የተረፉት ቄስ ማክጎራን የቅዱስ ፓትሪክ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ በሆኑበት ዓመት፣ በ1856፣ ለመበለቶች፣ ለዕጓለ ማውታዎችና ወንዙ በበረዶ ሲዘጋ ማደሪያ ለሚያጡ ድኾች ያቋቋሙት ቤት ነው። የእንጨቱ ንግድ ቀርቷል፣ የወዛደሮቹ ማኅበር ቀርቷል፣ አሮጌዋ ቤተ ክርስቲያን ከአገልግሎት ወጥታለች፤ ይህ ቤት ግን ቦታውን ቢለውጥም እስከ ዛሬ ድረስ እንግሊዝኛ ተናጋሪውንም ፈረንሳይኛ ተናጋሪውንም አረጋዊ ይጦራል። እንዲህ ያለ ቤት ሠርቶ ለመቶ ስድሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ያቆየን ሕዝብ ጠፍቷል የሚል ሰው ተሳስቷል።